ጥህሎና መጽሐፍ፤ አንድ ሳምንት በዓዲግራት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜያችን አንድ ሳምንት በዓዲግራት በእናታችን ቤት ሰነበትን። ከመቀሌ ተነሥተን በውቅሮና በዕዳጋ ሐሙስ በኩል ወደ ሰሜን ስንጓዝ በሻንጣችን ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጻሕፍት ይበዙ ነበር።

ዓዲግራት በአጋሜ ምድር የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት። ገብስ የአገሩ እህል ስለሆነ ጥህሎም የሚሠራው ከዚሁ ነው። አሠራሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን። ገብሱ ተፈትጎ ይቆላል፤ ከዚያም ደቅቆ ይፈጫል። ዱቄቱ በውኃና በጥቂት ጨው ይታሻል፤ ሊጡ ጠንከር ሲል በጣት እየተድቦለቦለ ትንንሽ ክብ ይሆናል። በርበሬ የበዛበት የሥጋ ወጥ በመካከል ይቀመጥና ቤተ ሰቡ ዙሪያውን ከቦ፣ ድቡልቡሉን ጫፉ በሾለ እንጨት እየወጋ ከወጡ እያጠቀሰ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ግን ተመትቶ አረፋ የሚመስለው የባቄላና የአብሽ ሕልበት ከስልሲ ጋር ይቀርብልን ነበር።

ቀን ቀን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አነበብን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ቢነበብ አይሰለችም። ማታ ማታ ግን ለእናታችን ጮክ ብለን ያነበብንላቸው የአባ ገብረ ኢየሱስ ኃይሉን «ሓደ ዛንታ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በትግርኛ የተጻፈው ይህ ልብ ወለድ፣ ከኢጣልያ ጦር ጋር ወደ ሊቢያ ስለ ዘመተ ኤርትራዊ ወጣት ይተርካል። ወጣቱ ወደ አገሩ ሲመለስ እናቱ ሞተው ይደርሳል።

ቅዳሜ ማታ ከዚህ ስፍራ ስንደርስ ድምፃችን ተያዘ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ፣ እናታችን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ ብዙ ወራት አሳልፈን ነበርና። እርሳቸውም መጽሐፉን ከእጃችን ወስደው ዘጉትና፣ «ልጄ፣ እሱ ዘገየ፤ አንተ ግን ደርሰህልኛል። በል ተነሥና ዱቄቱን እሽ» አሉን።

እኛም ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥህሎ በገዛ እጃችን አድቦለቦልን። አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ቢያስቅም፣ እናታችን ውኃውን በስፍር ሳይሆን በመዳፋቸው እንዴት እንደሚመጥኑ አሳዩን። ይህ ከያዝናቸው መጻሕፍት በአንዱም አልተጻፈም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ወደ ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ የምታነቡላቸው አንድ መጽሐፍ ያዙ፤ ስትመለሱም የአንድ ምግብ አሠራር ከእጃቸው ተምራችሁ ተመለሱ። መጽሐፉ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ የእናት ሙያ ግን ዛሬ ካልተማሩት ነገ የሚገኝበት ገበያ የለም።