ልጓም ያለው ሞተር፤ ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ

ዝቋላ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ከቢሾፍቱ ማዶ ወዳለው ተራራና በላዩ ወዳለው ገዳም ነው። እኔም ለአንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ «ነገ ዝቋላ እወርዳለሁ» ብዬ በስልክ ብነግረው፥ «ወደ ዝቋላ ይወጣል እንጂ ይወረዳል እንዴ? ለማንኛውም ጸበል አምጣልኝ» ሲል መለሰልኝ። ወዳጄ አልተሳሳተም፤ የእርሱ ዝቋላ ይወጣል። የእኔ ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ ያለው፥ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው። ወደዚህኛው መውረድ እንጂ መውጣት የለም።

የማስተምረው በሰቆጣ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ የዋግ ሹሞች መናገሻ የነበረች የቆየች ከተማ ናት። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግ ሹም ጎበዜ የዚህ አገር ሰው ነበሩ። በቅርቡም በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠራ። ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን ደጋው እየራቀ፥ ግራሩ እየበዛ፥ ነፋሱ እየሞቀ ይመጣል። መጨረሻው ተከዜ ነው።

በጽጽቃ የሚያስተምር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ «ለተማሪዎቼ የፊዚክስ መጻሕፍት ካገኘህ ይዘህልኝ ና» ብሎ ስለ ላከብኝ፥ ያለኝን በማዳበሪያ አስሬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። የሰው መኪና አልነበረም። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ አንድ አይሱዙ ሊነሣ ሲል ደረስሁና ለመንሁ። ሾፌሩ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ፥ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ናቸው። «መምህር ከሆኑ ጋቢና ይግቡ፤ መጻሕፍቱ ግን ከሲሚንቶው ጋር አይሆኑም፥ ከእግርዎ ሥር ያድርጓቸው» አሉኝ። በመካከላችን ረዳቱ ተቀመጠ። ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይዘጋጃል።

ወጣቱ ከከተማ ሳንወጣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። ሁለት አውቶሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። መብራት በራ፤ ሁለቱም እንደ ጥይት ተፈተለኩ፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ነገሩ አለቀ።

«መምህር፥ እዩት እግሩን! ማርሽ ሲቀይር ነዳጁን አይለቅም። ፍሪሲዮኑን ብቻ ነካ ያደርጋል። እኛ ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ለቀን ማርሽ እስክንቀይር መኪናው ጉልበቱን ይጨርሳል። ለምን እኛም እንዲህ አናደርግም?»

ሾፌሩ ሳቁ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔን አርጅተሃል እያለ አይሰማኝም።»

መምህር ጠይቀውት ዝም የሚል አፍ የለውም። እኔም እንደ ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ።

የሩብ ማይል ነገር

ይህ ውድድር ኩርባ የለውም። መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ርዝመቱ ሩብ ማይል፥ ማለት 402 ሜትር ነው። በአሜሪካ አገር በ1951 እ.ኤ.አ. የራሱ ማኅበር ተቋቁሞለት ሕግ ወጥቶለታል። በእጅ ማርሽ የሚነዳ ተወዳዳሪ በአንድ ሩጫ ሦስትና አራት ጊዜ ማርሽ ይቀይራል። በእያንዳንዱ ለውጥ እግሩን ከነዳጅ ቢያነሣ ጥቂት ጊዜ ያጣል፤ ጥቂት ጊዜ ደግሞ በዚያ ውድድር ማሸነፍና መሸነፍ ነው። ስለዚህ እግሩን አያነሣም።

ነገር ግን ነዳጅ እንደ ተረገጠ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ሸክሙን በድንገት ያጣል። የሚጎትተው ነገር ስለሌለው ቀንበሩ እንደ ተፈታለት በሬ ይፈነጫል። በደቂቃ 6,500 ዙር ይሽከረከር የነበረው የቤንዚን ሞተር በዐይን ጥቅሻ ከሚችለው በላይ ይሆናል። ልጓሙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የዙር መገደቢያው ሞተሩ የተወሰነለትን ልክ ሲነካ የሻማውን እሳት ወይም ነዳጁን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይቆርጥበታል። ለዚህ ውድድር በተዘጋጁት ላይ ደግሞ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ጋር የተያያዘ ማብሪያ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ያን ጊዜ ብቻ እሳቱን ቆርጦ፥ ቀጣዩ ማርሽ እስኪገባ ሞተሩን ዝቅ ባለ ዙር ያቆየዋል። የሰውዬው እግር ሳይነሣ፥ መሣሪያው በእርሱ ፈንታ «ያነሣለታል» ማለት ነው።

«ታዲያ የእኛ መኪና ይህ የለውም?» አለ ወጣቱ።

«አለው እንጂ!» አልሁ በኩራት። የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም፤ ነገር ግን ከነዳጅ ፖምፓው ጋር ገቨርነር የሚባል ነገር ይኖረዋል። አባቱ ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው ባለ ሁለት ኳስ መቈጣጠሪያ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፤ ሲበተኑም የእንፋሎቱን በር ይዘጋሉ። በቆዩት የናፍጣ ፖምፓዎችም ትንንሽ ክብደቶች እንዲሁ እየተበተኑ ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ በአዲሶቹ ላይ ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ይዞታል። የጭነት መኪና ሞተር ኀይሉን የሚሰጠው በ3,000 ዙር አካባቢ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ብዙ እንዳያልፍ ገቨርነሩ ይጠብቀዋል።

«እንግዲያው ሞተሩ ራሱን በራሱ ይገታል ማለት ነው!» አለ ወጣቱ ፊቱ በርቶ።

«ልክ ነህ» አልሁት። አንባቢ ሆይ፥ ይህችን «ልክ ነህ» አስታውሳት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሜዳውና ቁልቁለቱ

ከብዙ ኩርባ በኋላ መንገዱ ጋደል አለና ጥቂት ሜዳ አገኘን። ሾፌሩ መኪናውን አቁመው ወገባቸውን እያሹ፥ «ና እስቲ፥ እስከዚያች ግራር ድረስ ያዛት» አሉት። ሕጉ የሚፈቅደው አልነበረም። እኔም ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወጣቱ በአንደኛ ተነሣ። ሁለተኛ ገባ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን የገባኝ በድምፁ ነው። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ነዳጁን አልለቀቀም። ሞተሩ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን አንድ ልክ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሦስተኛ በግጭት ገባ፤ የሁላችንም አንገት ወደ ፊት ተነቀነቀ። ሾፌሩ «ተው አንተ ልጅ!» ብለው ሳይጨርሱ አራተኛን በዚያው አኳኋን አስገባ። ወደ እኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ትምህርቴ ፍሬ አፍርቷል።

ግራሯን አልፈን ነበር። ቁልቁለት ደግሞ እንደ ወንዝ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ መጀመሪያ ሜዳ ይመስላል። ሾፌሩ «ወደ ሦስተኛ መልስ፥ ቀስ ብለህ» አሉት። ወጣቱ ቸኮለና እጁ ስቶ ሁለተኛ ላይ ጣላት፤ ፍሪሲዮኑንም ለቀቀው።

እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የቅድሙ ጩኸት ልክ ነበረው፤ ይህኛው ልክ አልነበረውም። የኋላ ጎማዎች ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ፤ ከበስተ ጀርባችን ሲሚንቶው ጋቢናውን ገፋው። ሾፌሩ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ርገጥ!» እያሉ በአንድ እጃቸው መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጠመዘዙ፥ በሌላው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ወጣቱም ነቅቶ ሁለቱንም ፔዳል ረገጠ። ቆምን። በቀኝ በኩል የፊት ጎማው ከቦዩ ጠርዝ ላይ ነበር። ከቦዩ ወዲያ ሸለቆ እንጂ መንገድ የለም።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

ግማሹ ትምህርት

ሾፌሩ አልተቈጡም። ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፉ፤ ዘይቱን አዩ፤ ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቫልቮቹን አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ወጣቱን ጠሩት።

«ለምን እንዲያ አደረግህ?»

«ጋሼ፥ መምህር ሞተሩ ራሱን ይገታል ብለውኝ ነው።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ተመልክተው፥ «መምህር፥ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩት። ገቨርነር የሚገታው ሞተሩ በራሱ ጉልበት ሲሮጥ ነው። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው ምን ይገታዋል? ነዳጁን ቢዘጋ ጎማው ያዞረዋላ!» አሉ።

በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬያለሁ። ይህን ቃል ግን እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቁጥሩን በልቤ አሰላሁት። ሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን ከአራተኛው ሦስት እጥፍ ያህል ያዞረዋል እንበል። በአራተኛ 1,600 ዙር ይዞ የሚሄድ ሞተር፥ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ሁለተኛ ቢገባበት ወደ 4,800 ይወጣል። ልኩ ከ3,000 ብዙ የማያልፍ ሞተር! ያን ጊዜ ገቨርነሩ ነዳጁን ጨርሶ ዘግቶ ነበር፤ ሥራውን አልበደለም። ሞተሩን ያዞረው ግን ናፍጣ አልነበረም፤ የሲሚንቶው ክብደትና የተራራው ቁልቁለት ነበር። እንዲህ ሲሆን የቫልቭ ሞላዎች ቫልቩን በጊዜው ለመመለስ አይደርሱም፤ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ሊሰበር ይችላል። በሩብ ማይሉም ውድድር ቢሆን ማርሽ የተሳሳተበትን ሰው መገደቢያው አያድነውም፤ ሞተሩን ሰብሮ ይመለሳል።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ የቁልቁለትን ሥርዐት ለሁለታችንም አስተማሩን። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ይቀነሳል፤ ከባድ ማርሽ አስቀድሞ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ራሱ ጭነቱን እየጎተተ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የጭስ ፍሬን ያለው መኪና የጭሱን መውጫ በመዝጋት ያግዘዋል። የእግር ፍሬን ጥቂት ጥቂት እየተነካ ይቈጠባል እንጂ ረጅም ጊዜ አይረገጥም፤ ከጋለ ይሰንፋል። በፍሪ ማርሽ መውረድ ደግሞ ናፍጣ ለመቈጠብ ነፍስን መሸጥ ነው። «እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ባልንጀራዬ በፍሪ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። ሚስቱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች» አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ስለ ዳገቱም የወጣቱን ጥያቄ መለሱለት። ነዳጅ ሳይለቁ ማርሽ መቀየር ፍሪሲዮኑን ያነድዳል፥ የካምቢዮውን ጥርስ ይበላል። ተወዳዳሪው በ402 ሜትር ውስጥ ሥራው ያልቅና ወደ ጋራዥ ይገባል። የእርሳቸው ፍሪሲዮን ግን ስድስት ቤተ ሰብ ያበላል፤ ነገም ይኸው ዳገት አለ። ደግሞም በሰቆጣ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ሞተር የሚተነፍሰው ያንሰዋል። እግርን አጥብቆ መርገጥ ይህን አይጨምርለትም፤ ማርሹን በጊዜ መቀነስ ይሻላል።

ጽጽቃ

ጽጽቃ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሙቀቱ ከሰቆጣ የተለየ፥ ፍየሉ ከሰው የሚበዛ የሚመስል፥ ገበያው በኽምጣናና በአማርኛ የሚነጋገር ከተማ ነው። ጓደኛዬ ማዳበሪያውን ፈትቶ መጻሕፍቱን ሲያይ አቀፈኝ። «ጉዞ እንዴት ነበር?» አለኝ። «አስተማሪ ነበር» አልሁት።

ማታ ከቤቱ ደጅ ተቀምጠን ስለ ተከዜ ግድብ ተጨዋወትን። ግድቡ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፥ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፥ በአራት ተርባይኖች 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከበስተ ጀርባው የተኛው ሐይቅም ለዋግ ወጣቶች የዓሣ ሥራ ከፍቶላቸዋል። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተርባይንም ገቨርነር አለው። የመብራት መሥመር በድንገት ቢቋረጥ ተርባይኑ ልክ እንደዚያ ፍሪሲዮኑ እንደ ተረገጠ ሞተር ሸክሙን ያጣል፤ ገቨርነሩም የውኃውን በር ይዘጋበታል። እዚያ ልጓሙ የተቀመጠው ጉልበቱ ከሚመጣበት በር ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቱ የሚመጣው ከክብደቱ ስለ ሆነ፥ የክብደትን በር የሚዘጋ ፖምፓ የለም። ያን በር የሚዘጋው አስቀድሞ የሚያስብ ሾፌር ብቻ ነው።

በማግሥቱ ስመለስ በአጋጣሚ ያው መኪና ባዶውን ሲወጣ አገኘሁት። ወጣቱ ከመካከል ተቀምጦ ነበር። ስልኩን አላወጣም። ዳገቱ ሲጀምር የሾፌሩን እግር ዐይኑን ሳይነቅል ይመለከት ነበር፤ ነዳጅ ሲለቀቅ፥ ፍሪሲዮን ሲረገጥ፥ ማርሽ ሲገባ፥ ነዳጅ መልሶ ሲሰጥ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቈጥራል። ሾፌሩ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ግራሯ ጋ ስንደርስም አቁመው፥ «ፈቃድህን ያወጣህ ቀን እዚህ እሰጥሃለሁ» አሉት።

እኔም ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ገቨርነር ያለውን ትምህርት እንደ ገና ከመጀመሪያው አስተማርሁ። በዚህ ጊዜ «ልክ ነህ» ከማለቴ በፊት ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «የሚገፋው ማን ነው?»