የዳሯ ነጥብ

ግንቦት 28፣ ጋርኺንግ
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። የጋላክሲውን፣ የኤንጂሲ 6166ን መረጃ እንደገና ከፈትኩት። ርቀቱ ከ400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ። ኮከቦቹ ተለያይተው አይታዩም፤ እጄ ላይ ያለው ድምር ብርሃናቸው ነው። ፍጥነታቸው በተበታተነ ቁጥር የስፔክትረሙ ጥቁር መስመሮች ይሰፋሉ፣ ይደበዝዛሉ። መሃሉ ላይ መበታተኑ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚህ ሰላም።

ሰኔ 1
ወደ ዳር ስወጣ ቁጥሩ ያድጋል። ክብደቱ የሚታየው ኮከብ ብቻ ቢሆን መውረድ ነበረበት። ቤንደርና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ልኬት ዳሩ 865 ይደርሳል፤ ጋላክሲው ያለበት የአቤል 2199 ክላስተር ጋላክሲዎች ደግሞ 819። የዳር ኮከቦቹን የያዛቸው ክላስተሩ ነው ማለት ነው፣ ጥቁር ቁሱ። የእኔ የመጨረሻ ነጥብ ግን ከሁለቱም በላይ ናት። በጣም በላይ። ደስ አላለኝም።

ሰኔ 4
እንቅልፍ የለም። እዚያ ዳር ላይ የጋላክሲው ብርሃን ከሌሊቱ ሰማይ ብርሃን በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሰማዩን ስቀንስ ትንሽ ብሳሳት መስመሩ ያለአግባብ ይሰፋል። ጥቁር ቁስ ያልኩት የመቀነስ ስህተት ይሆን? ሽሮው አረረ።

ሰኔ 8
አማካሪዬ «ነጥቧን አውጣትና እየው» አለችኝ። አወጣኋት። ኩርባው አማረ። ማማሩ አላስደሰተኝም።
ሌላም ጣጣ አለ። የምንለካው ወደ እኛ መምጣታቸውንና ከእኛ መሸሻቸውን ነው፤ የጎን ጉዟቸው አይታይም። ምህዋሩ ክብ ነው ካልኩ አንድ ክብደት፣ ወደ መሃል የሚወረወር ነው ካልኩ ሌላ ክብደት። ሁለቱም ከነጥቦቹ ጋር ይገጥማሉ።

ሰኔ 12
እማዬ ደወለች። ከሚካኤል መመለሷ፤ እዚያም ዝናቡ ገብቷል።
«ያ የማይታየው ነገር ተገኘ?»
«አልተገኘም። ክብደቱን ነው የምመዝነው።»
«ሳታገኘው?»
ሳቅን። «ሚዛኑን አደራ» ብላ ዘጋች።

ሰኔ 14
አጭሯ ሌሊት። ኢዛር ወንዝ ዳር ተቀመጥኩ። የሄርኩለስ ህብረ ኮከብ አናት ላይ፤ ክላስተሩ እዚያ ውስጥ ነው፣ ለዓይን ግን ባዶ ሰማይ። በሰሜን በኩል ጨለማው ሙሉ አይደለም። በረደኝ።

ሰኔ 16
የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን ዝዊኪን አነበብኩ። በ1933 እ.ኤ.አ. የኮማ ክላስተርን ጋላክሲዎች ፍጥነት ይዞ፣ ከሚታየው ቁስ 400 እጥፍ ያስፈልጋል አለ። የዚያን ጊዜው የርቀት ስሌት የተሳሳተ ስለነበር ቁጥሩ በብዙ ተጋኗል። ጉድለቱ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህ ለእኔ ነጥብ ማስረጃ አይሆናትም። አውቃለሁ።

ሰኔ 17
ነጥቧን መለስኳት። የስህተት ህዳጓን አሰፋሁት፤ ከግራፉ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አሁን 600ም 1,100ም ልትሆን ትችላለች። አማካሪዬ አይታ ዝም አለች።
ነገ ሰማዩን ከሌላ ቦታ ወስጄ እቀንሳለሁ። ሽሮ አልቋል።