ደርሶ መልስ

‹‹ደርሶ መልስ›› የምትለዋን ቃል ከሰማችሁ ስንት ዘመን ሆናችሁ? በአገራችን ትኬት ሻጩ በመስኮቷ ቀዳዳ አጮልቆ ‹‹መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?›› ይል ነበር። እዚህ ካኩማ የተሰበሰብነው ሁላችን፣ በእግርም እንምጣ በመኪና፣ የቆረጥነው መሄጃውን ብቻ ነው። ይህችን ቃል እንደገና ያስታወሰኝ የናይሮቢ ባቡር ጣቢያ ነው።

ባለፈው ጊዜ ለዓይን ሕክምና የመውጫ ወረቀት አግኝቼ ናይሮቢ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ማረፊያዬ ኢስሊ፣ አንድ ያገሬ ሰው ቤት ነበር። ቀጠሮዬ ጧት ጧት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ማታ ማታ መሀል ከተማ ወዳለው ጣቢያ እየወረድኩ ሰው ሲገባና ሲወጣ እመለከት ጀመር።

ይህን ያወጋሁት አንድ የብሎካችን ወጣት ‹‹ጋሼ፣ ባቡሩ በምድር ውስጥ ነው የሚሄደው?›› አለኝ። እንደ ለንደኑ መስሎት ነው። የለም፣ የናይሮቢው በላይ በላይ ነው፤ የኪኩዩው መስመርማ የኪቤራን ቆርቆሮ ቤቶች እየታከከ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ለጥቂት መንገድ መሬት ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ተሠርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ናይሮቢ የባቡር ልጅ ናት። በ1896 ከሞምባሳ የተነሳው ሐዲድ በ1899 እዚያ ሲደርስ ቦታው ረግረግ ሜዳ ነበር። የባቡሩ ሰዎች ድንኳንና መጋዘን ተከሉ፤ ድንኳኑ ውሎ አድሮ ከተማ ሆነ። በመካከላችን ያላችሁ የድሬዳዋ ልጆች ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማችሁስ የት ነበረች? ድንኳን ከተማ ሲሆን ማየት፣ ከ1992 ጀምሮ የቆመው የዚህ ካምፕ ነዋሪዎች ለሆንነው ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ ከዚያ ጣቢያ የሚመላለሱት ባቡሮች ጧት ሠራተኛውን ከዳር ወደ መሀል ያመጡታል፤ ማታ ደግሞ ወደ ሩይሩ፣ ወደ ኤምባካሲ፣ ወደ ኪኩዩ፣ ወደ ስዮኪማው ይመልሱታል። ስዮኪማው ላይ በ2012 አዲስ ጣቢያ ተከፈተ። በ2017 የአዲሱ የሞምባሳ ባቡር ማብቂያም እዚያው አጠገብ ሆነ፤ ከከተማ ስለሚርቅ ከሞምባሳ የመጣ መንገደኛ ወርዶ በትንሹ ባቡር ወደ መሀል ይገባል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩቶ መሀል ከተማው ላይ የአዲስ ማዕከላዊ ጣቢያ ሥራ አስጀምረዋል።

ባቡሮቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከፊሎቹ በማዮርካ፣ በስፔን ደሴት፣ ሲያገለግሉ ኖረው በ2020 ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ እንደ ልብሳችን ሚቱምባ ማለት ነው። በሰው አገር ሐዲድ ላይ ሊሮጡ የቻሉት የሁለቱም አገር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ ነው። የጥንቱ የጅቡቲ-አዲስ አበባ ሐዲዳችንም ልኩ ይኸው ነበር። ‹‹ልኩ ከገጠመ ለብረት እንኳ ስደት ይቀናዋል›› አልኩ በልቤ።

ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ያስተዋልኩት ሻንጣ የያዘ ሰው አለመኖሩን ነው። አንዱ ዳቦ፣ አንዷ ጃንጥላ፣ ሌላው የተጣጠፈ ጋዜጣ ይዞ ይሮጣል። ማታ የሚመለስ ሰው እጁ ቀላል ነው። እኛስ ከቤታችን ስንወጣ ያልያዝነው ምን ነበር? የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ የቤታቸውን የግብር ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው እስከ ዛሬ ከትራሳቸው ሥር ያኖራሉ።

በስምንተኛው ቀን ዘበኛው ቀረብ ብሎ ‹‹ኡናኤንዳ ዋፒ?›› አለኝ፤ ወዴት ትሄዳለህ ማለቱ ነው። የምሄድበት አልነበረኝም። አፌ ላይ የመጣልኝን ‹‹ስዮኪማው›› አልኩትና ትኬት ቆርጬ ገባሁ።

አጠገቤ እጁ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ሰው ተቀመጠ። ገና ማካዳራ ሳንደርስ እንቅልፍ ጣለውና ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እንዳልቀሰቅሰው ትንፋሼን እየቆጠብኩ ተጓዝኩ። ኢማራ ዳይማ ስንደርስ ግን ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ወረደ። ሰውነቱ ቤቱን ያውቃል። እኔ እንደዚያ ሳልባንን ከተኛሁ ስንት ዓመቴ ይሆን?

ስዮኪማው ላይ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔ ከሞምባሳ የመጡትን መንገደኞች ይዞ ወደ መሀል ከተማ በሚገባው ባቡር ተመለስኩ። ይኸው በአሥራ አራት ዓመቴ ደርሶ መልስ ተጓዝኩ! ነገር ግን ልቤ አልሞላም። ማታ ኢስሊ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ። እዚያ ስወርድ ‹‹መጣህ?›› ያለኝ ሰው አልነበረም። ሐዲዱና ሞተሩ ሰውን ያደርሳል፤ መመለስን መመለስ የሚያሰኘው ግን በር ላይ ‹‹መጣህ?›› የሚል ድምፅ ነው።

የመውጫ ወረቀቴ ላይ የመመለሻ ቀን ተጽፏል። ‹‹ተመለስ›› የምባለው እንግዲህ ወደዚህ ነው። ኪታሌንና ሎድዋርን አልፌ፣ አቧራ ለብሼ ስደርስ፣ ጎረቤታችን እትዬ ከረከቦቱ ቀና ብለው ‹‹ደርሰህ መጣህ?›› አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አስፈራኝ።

እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ‹‹ቤት እንግባ›› ሲሉ ይህንኑ ጎጆ ማለታቸው ነው። አንዳንዶቻችን እንቆጣቸዋለን፤ ልንቆጣቸው ግን አይገባም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ‹‹መጣችሁ?›› የሚላቸው እዚህ ነውና። ለእኛ ለትልልቆቹ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ የአሁኑን መግቢያ ሳንንቅ፣ የመመለሻውን ትኬት ገና እንዳልቆረጥን ሳንረሳ መኖር።

ለእትዬ ‹‹አዎ፣ መጣሁ›› ብዬ ተቀመጥኩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር።