የሰዓቱ ምስክር

ጊዜን ለማወቅ በየሰው ኪስ ያለው የእጅ ስልክ በሚበቃበት በዛሬው ዘመን፣ አሮጌ የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ሰዓቱ ስላለፈበት ዘመንና ስለታሰረበት ክንድ ሲል ነው። ስለዚህም የብርቅ ሰዓት ነጋዴ ዋነኛ ሸቀጥ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ያን ታሪክ በምስልና በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሕዝብ የሚያቀርበው ሰውም፣ መድረኩ የቴሌግራም ወይም የቲክቶክ ገጽ ቢሆንም፣ የምስክርነት ኃላፊነት ይወድቅበታል።

የዚህን ኃላፊነት ክብደት አንድ የታወቀ ሰዓት ያስረዳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ ከፓቴክ ፊሊፕ ፋብሪካ የወጣ፣ የወራቱን ርዝመት ራሱ እየለየ ቀኑን የሚያሳይ የወርቅ ሰዓት ተበረከተላቸው። ይኸው ሰዓት በ2008 ዓ.ም. ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ድርጅት አማካይነት ጄኔቭ ላይ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከጨረታው ወጣ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ዳግመኛ ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ዋጋውን ካናሩት ነገሮች አንዱ የማን እንደ ነበረ መታወቁ ነው፤ በመጀመሪያው ጨረታ ሽያጩን ያሰናከለውም ይኸው «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ከጄኔቭ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሲመጣ ነገሩ በመጠን እንጂ በባሕርይ አይለይም። የባቡር ሐዲድና ፋብሪካ ያሳደጉት ይህ አካባቢ ሰዓትን የተማረው በፈረቃ ነው። በጡረተኞች ቤት፣ በሣጥን ውስጥ፣ በእጅ የሚሞሉ ሰዓቶች እስከ ዛሬ ይገኛሉ።

እነዚህን እየሰበሰቡ ለሚሸጡ አንድ ነጋዴ ምስል የምታነሣና ጽሑፍ የምታዘጋጅ አንዲት ወጣት በዚያው ትኖራለች። በዓለም የሰዓት ማስታወቂያ አመልካቾቹን ከአሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አካባቢ ማቆም የቆየ ልማድ ነው፤ እንደ ክንፍ ተዘርግተው የፋብሪካውን ስም ሳይሸፍኑ ያሳያሉና። ለፈረንጅ ይህ ረፋድ ነው፤ ለአቃቂ ተመልካች ግን የቀን ሥራ ሊያበቃ የተቃረበበት፣ ጥላ የሚረዝምበት ጊዜ ነው። ወጣቷም ፎቶግራፉን የምታነሣው በእውነተኛው አሥር ሰዓት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲገባ ነው። ያ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ያለውን ጭረት አይደብቅም።

አንድ ጊዜ ከአንድ የፋብሪካ ጡረተኛ የተገዛ ሰዓት ቀረበላት። ነጋዴው «ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው ብለሽ ጻፊ፤ ገዢ የሚወደው ይህን ነው» አሏት። እርሷ ግን፣ «ጋሼ፣ አባባ በዚህ ሰዓት ስንት ዓመት ሙሉ ፈረቃ ገብተው ወጥተዋል። ቤተ መንግሥት ካልነው የእርሳቸው ዕድሜ የት ይገባል?» ስትል መለሰች። ገጹ ዳግመኛ መቀባቱን፣ አንደኛው አመልካች መለወጡን፣ ባለቤቱም የሽመና መኪና ሠራተኛ እንደ ነበሩ ጻፈች። ሰዓቱ ሳይሸጥ ሰነበተ፤ ድርሻዋ ከሽያጩ የሚከፈል ነበርና የዚያ ወር ገቢዋ አነሰ። ነጋዴው አጉረመረሙ፤ ጽሑፉን ግን አላነሡትም።

በሐሰት የተጻፈ ታሪክ ገዢውን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘረፈው የሰዓቱ እውነተኛ ባለቤት ነው፤ ዕቃውን በገንዘብ ሸጧል፣ ሕይወቱን ግን አልሸጠም። ለንጉሥ ክንድ የተጻፈ ታሪክ ካለ፣ ለሠራተኛውም ክንድ ሊጻፍለት ይገባል። ካሜራና ብዕር የያዘ ሁሉ፣ ሥራው ማስታወቂያም ቢሆን፣ ይህን አደራ ሊዘነጋ አይገባውም።