ውኃ የማይለቅ መሬት

ሰው መሬትን የሚመዝነው ብዙ ጊዜ ለራሱ ድካም በሚመቸው ሚዛን ነው። ዝናብ ሲወርድበት ፈጥኖ የሚጠጣውን፣ ሲታረስ የሚፈረፈረውን፣ ዘር ሲቀበል የማያስቸግረውን «ደግ መሬት» ይለዋል፤ የወረደበትን ውኃ ይዞ የሚያድረውን፣ በክረምት የሚያጣብቀውን፣ በበጋ የሚሰነጠቀውን ግን «ክፉ መሬት» ብሎ ይሰድበዋል። እኛም በመረሬ አገር ተወልደን ያደግን እንደ መሆናችን ይህን ስድብ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በሐምሌ ወደ ማሳ ስንወርድ ጭቃው እግራችንን እስከ ቍርጭምጭሚት ይዞ አልለቅም ይለን ነበር። በየካቲት ደግሞ ያው መሬት እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተተልትሎ ስናየው፣ ትናንት ውኃ አልለቅም ያለው ዛሬ ጠብታ አጥቶ አፉን መክፈቱ ያስደንቀን ነበር።

ስለዚህ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ መሬት የገጠማቸው ሕዝቦች ምን እንዳደረጉበት የሚተርክ ጽሑፍ ባገኘን ጊዜ ሁሉ ልባችን ይሳባል። ከሁሉ ይልቅ አሳባችንን የያዘው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች ታሪክ ነው። እነዚህ ደሴቶች ከእኛ እጅግ የራቁ ናቸው፤ ነገር ግን በሁለት ነገር ይዛመዱናል። ምድራቸው እንደ ደጋችን ሁሉ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ በረግረጋቸውም ላይ ሕዝቡን ሲመግብ የኖረው ተክል በደቡብና በምዕራብ አገራችን ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ጎደሬ ነው።

የሸክላ አፈር ውኃን የሚይዝበት ምክንያት በቅንጣቶቹ መጠን ነው። አንዲቱ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር አትበልጥም፤ ቅንጣቶቹም እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው ስለሚተኙ በመካከላቸው ያለው መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። በደሴቶቹ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድንጋዩን ያበሰብሳል፤ ያሟሟውንም ማዕድን ጠርጎ ወደ ታች ይወስዳል፤ ተራራው ያጣውን ሸለቆውና የባሕር ዳር ሜዳው ይቀበላሉ። ዝናብ በሚያንስበት በኦዋሁ ደሴት ምዕራብ፣ በሉዋሉዋሌይ ሸለቆ፣ በዚህ መንገድ የተገኘው አፈር የመረሬያችን ወንድም ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ውኃ በማይለየው ሸለቆ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አፈሩ ተጥለቅልቆ ስለሚኖር አየር ያጣል፤ በውስጡ ያሉት ረቂቃን ሕያዋን ኦክሲጅን ሲያልቅባቸው ከብረቱ ዝገት መውሰድ ይጀምራሉ፤ በዚህም ጊዜ ቀይ የነበረው ብረት ቀለሙን ይለቅና አፈሩ አመድማ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ይይዛል። ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ግን ጥቂት አየር ስለሚገባ በዚያ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል። አካፋ ይዞ የሚቈፍር ሰው ይህን ቀለም ተመልክቶ ውኃው እስከ የት ከፍ እንደሚል ለማወቅ ይችላል፤ መሬቱ ያሳለፈውን ዘመን በቀለም ጽፎ አስቀምጦለታልና።

እንግዲህ እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተዘራ ሥር የሚሞተው በአየር እጦት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ውኃውን ያባርራል፣ ወይ ውኃው እንዲሄድ ያደርጋል። የጥንት ሃዋያውያን ሁለተኛውን መረጡ። ከወንዙ ራስ «አውዋይ» የሚባል ቦይ ቀደዱ፤ ሸለቆውንም በግድብ ከፋፍለው «ሎኢ» የሚባለውን የጎደሬ መደብ አበጁ። የመደቡን ወለል በእግራቸው እየረገጡ አጠበቁት፤ ውኃ አላሳልፍ የሚለው የሸክላ ጠባይም ለዚህ ረዳቸው። ውኃው ከላይኛው መደብ ወደ ታችኛው በዝግታ እየወረደ ሁሉን ካጠጣ በኋላ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ጎደሬ በግንዱ ውስጥ አየር ወደ ሥሩ የሚያወርድበት መንገድ ስላለው ረግረግን ይችላል። ነገር ግን ለእርሱም ወሰን አለው፤ ውኃው ቆሞ ከሞቀ አየር ያጥረዋል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። የሚሄድ ውኃ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ አየርም ይዞለት ይመጣል። ያ ሁሉ የቦይና የግድብ ድካም የተደከመው ውኃው እንዳይቆም ነበር።

ከዚህ ሥራ ምን ዓይነት ማኅበር እንደተወለደ ስናስብ የበለጠ እንደነቃለን። ከታች ያለው ባለመደብ የሚያጠጣው ከላይ ያለው ባሳለፈለት ውኃ ነው፤ ስለዚህ ቦዩን መጥረግ የጋራ ሥራ፣ ውኃውን መውሰድም በተራ ሆነ። በቋንቋቸው «ዋይ» ማለት ውኃ ነው፤ ይህንኑ ቃል ደግመው «ዋይዋይ» ሲሉ ሀብት ማለት ነው። በትውፊታቸውም ጎደሬ የሰው ታላቅ ወንድም ነው ይባላል፤ ሞቶ የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ በተቀበረበት ስፍራ ጎደሬ በቀለ፣ ከእርሱ በኋላ የተወለደውና ሃሎዋ የተባለው ልጅ የሕዝቡ አባት ሆነ ብለው ይተርካሉ። ታናሽ ታላቁን ይንከባከባል፣ ታላቅም ታናሹን ይመግባል። እኛ «ክፉ» ያልነውን ዓይነት ጭቃ እነርሱ የወንድም ቤት አድርገውት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የሌላ አሳብ ታሪክ ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ በሆቴሎቿ የታወቀችው ዋይኪኪ የስሟ ትርጉም «የሚፈልቅ ውኃ» ነው። የማኖዋ፣ የፓሎሎና የማኪኪ ወንዞች ከተራራ ወርደው በዚያ ይንጣለሉ ነበር፤ ስፍራውም የጎደሬ መደብና የዓሣ ኩሬ፣ ኋላም ከቻይና የመጡ ገበሬዎች ሩዝ የሚዘሩበትና ዳክዬ የሚያረቡበት ነበር። በ1906 የጤና ጥበቃ ሹማምንት ረግረጉ ይደፈን የሚል ዕቅድ አቀረቡ። ከ1921 እስከ 1928 «አላ ዋይ» የተባለው ትልቅ ቦይ ተቈፈረ፤ ወንዞቹ ወደ እርሱ ተመለሱ፣ ከቦዩ የወጣው አፈርና የዛጎል ድንጋይም ኩሬውንና መደቡን ደፈነው። በደረቀው ምድር ላይ ጎዳና ተዘረጋ፣ ቤት ተሠራ፣ የመሬቱም ዋጋ ናረ።

ይህን ያደረጉትን ሰዎች በጭፍን ለመውቀስ አንሻም። ትንኝ ወደ ሃዋይ የገባችው በ19ኛው መቶ ዓመት በመርከብ ነው፤ በቆመ ውኃ ላይ መራባቷም እውነት ነው፤ ከተማም ለጤናው ማሰቡ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ውኃው የሚቆመው ብዙ ጊዜ ወንዙ ከተወሰደበት በኋላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው በኦዋሁ በ1916 የተፈጸመው የዋያሆሌ ቦይ የምሥራቁን ወገን ወንዞች ተራራ አቋርጦ በደረቁ ወገን ወዳለው የሸንኮራ አገዳ እርሻ አሻገራቸው፤ የምሥራቁም ወንዞች መነመኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያ የሸንኮራ እርሻ ሲዘጋ የምሥራቁ ገበሬዎች ውኃቸው እንዲመለስ ተሟገቱ፤ የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2000 ውኃ ለሕዝብ በአደራ የሚጠበቅ ሀብት መሆኑን አጸና። የቀድሞዎቹ ባለመደቦች በተራ ይጠብቁት የነበረው ነገር ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ በፍርድ ቤት ቋንቋ ተነገረ።

ዋይኪኪም ብትሆን ውኃ መሆኗን አልረሳችም። በጥቅምት ወር 2004 የማኖዋ ወንዝ ሞልቶ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት አጥለቀለቀና ካርታዎችንና ሰነዶችን አበላሸ። በመጋቢት 2006 ብዙ ቀን ከዘነበ በኋላ ዋና የፍሳሽ ቧንቧ ተሰብሮ ወደ 180 ሚሊዮን ሊትር የሚሆን ፍሳሽ ወደ አላ ዋይ ገባ። በዚህ ላይ ደግሞ በባሕር ዳር ሜዳ ከምድር በታች ያለው ጣፋጭ ውኃ በጨው ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ስለሆነ፣ ባሕሩ ከፍ ባለ ቍጥር እርሱም ወደ ላይ ይነሣል። ከላይ የተደፈነ ረግረግ ከታች ይመለሳል ማለት ነው።

በካዋይ ደሴት ያለው የሃናሌይ ሸለቆ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጎደሬ ይበቅልበታል። በ1972 የዱር አእዋፍ መጠበቂያ ሆኖ ተከልሏል፤ ገበሬው በመደቡ ይሠራል፣ ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ የውኃ ወፎችም በዚያው መደብ ይመገባሉ፣ ይራባሉ። ይህም ቢሆን ከመከራ አላመለጠም። በሚያዝያ 2018 ከሃናሌይ አጠገብ በምትገኘው በዋይፓ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,262 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ ይህ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ጋር የሚተካከል ነው። ተራራው ተንዶ መንገድ ዘጋ፤ ሸለቆውም በጎርፍ ተዋጠ። እንዲህ ያለውን ቍጣ ቦይና ግድብ እንደማይመልሰው አይካድም። ነገር ግን ጎርፍ በጎደሬ መደብ ላይ ሲተኛ የሚያጠፋው የአንድ ወቅት ሰብል ነው፤ በቤት ላይ ሲተኛ የሚያጠፋው የሰው ኑሮ ነው።

ይህን ሁሉ መጻፋችን በመረሬያችን ላይ ጎደሬ ይተከል ለማለት አይደለም፤ የእኛ መሬት ግማሹን ዓመት ሰምጦ ግማሹን የሚደርቅ ነውና ሌላ ብልኃት ይፈልጋል። አባቶቻችንም ብልኃቱን አላጡትም፤ ማሳውን በሹሩቤ ሸንትረው ትርፉን ውኃ ያሳልፋሉ፤ ዝናቡ ሲያባራም በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ። ያ ስንሰድበው የኖርነው መሬት ዝናብ ከሄደ በኋላ ሽምብራውን አብልቶ የሚያደርሰው ውኃ አልለቅም በማለቱ ነው።

የሚያሳስበን የከተማው ሰው ነው። ከብት ያገድንበት ጨፌ ዛሬ አፈር ተደፍቶበት ቤት ተሠርቶበታል፤ ክረምት በገባ ቍጥርም ውኃው በየደጁ ገብቶ የሕፃናቱን አልጋ ያርሳል፤ ግድግዳውም በበጋ ይሰነጠቃል። ቤት የሚሠራውን ሰው አንፈርድበትም፤ መጠለያ ግድ ነው። ነገር ግን ጨፌውን ከመድፈናችን በፊት ይህ ውኃ ከየት ይመጣል፣ ከዚህ ብናስወጣውስ ወደ ማን ደጅ ይሄዳል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ከላይ ያለው ሰው ለታችኛው ማሰብ የተገባው መሆኑን የሃዋይ ባለመደብ ከጭቃው ተምሮታል። እኛም ጭቃ አላጣንም፤ ትምህርቱን መውሰድ የእኛ ፈንታ ነው።