በቢስክሌት የአዋሽን ሸለቆ ለማየት

አንባቢ ሆይ! ደመወዝዎ አነስተኛ፣ የዕረፍት ቀንዎም በጣት የሚቆጠር ቢሆን፣ አንድ ደኅና ቢስክሌትና አምስት ቀን ካለዎ የአዋሽን ሸለቆ ለማየት ይበቃዎታል፡፡ ነገር ግን እኔ የሠራሁትን ስሕተት አይድገሙ፡፡

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው አዋሽ ከተማ በሦስት ቀን ለመድረስ ነበር፡፡ በካርታው ላይ ምንም የሚያስቸግር ነገር አልታየኝም፡፡ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪናዎች ባጠገቤ ባለፉ ቁጥር ግን ቢስክሌቴ ይንገዳገድ ጀመር፤ ፀሐዩም እየበረታ ሄደ፡፡ በሁለተኛው ቀን፣ መተሐራ ሳልደርስ፣ ቢስክሌቴን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ እያፈርኩ ተመለስኩ፡፡

ስለዚህ የምመክርዎ ሌላ ነው፡፡ እስከ አዳማ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ይሂዱ፤ የፍጥነት መንገዱ እንደሆነ ለቢስክሌት አልተፈቀደም፡፡ በአዳማ አንድ ርካሽ አልጋ ይያዙና ጓዝዎን እዚያ ትተው በየቀኑ ወጥተው ማታ ይመለሱ፡፡ ለዚህም ከገና በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም ገና አልከረረም፡፡ ነፋስ ግን አለ፡፡ በከተማው አጠገብ ባለው ተራራ ላይ የተተከሉት የኤሌክትሪክ መዘውሮች ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም፡፡

የመጀመሪያው ቀን ለወንጂ ይሁን፡፡ ከአዳማ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወርዱ ሸንኮራ አገዳው እንደ አረንጓዴ ባሕር ተዘርግቶ ያገኙታል፡፡ ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪ እግር የተመቸ ነው፤ በአገዳው መካከል በቢስክሌት ወደ ሥራው የሚሄደውን ሰው ሲያዩም እንግድነት አይሰማዎትም፡፡ በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ ያቆመው የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ዛሬ ሥራውን አቁሟል፤ አገዳው ግን አሁንም የአዋሽን ውሃ ይጠጣል፡፡

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፡፡ በሰፈሩ ከሚያገኟቸው ሽማግሎች ብዙዎቹ ጥርሳቸው ቡናማ ነው፤ ይህም ለብዙ ዓመታት ከጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የመጣ ነው፡፡ እርስዎ ለአንድ ቀን ቢጠጡት ጥርስዎ አይበልዝም፤ ቢሆንም ውሃዎን ከአዳማ ይዘው ቢወርዱ ይሻላል፡፡ ሁለተኛው የባሰ ነው፡፡ ላብ ሲያጠምቅዎ የመስኖው ቦይ እግርዎን ይንከሩ ይንከሩ ይልዎታል፤ ግን አይንከሩ! ቢልሃርዚያ በዚያ አገር የታወቀ በሽታ ነው፤ ትሉም በደኅና ቆዳ ሳይቀር ይገባል፡፡ ለወባውም ማታ አጎበር ያስፈልጋል፡፡

ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፡፡ በፍል ውሃው ታጥበው በወንዙ ዳር ከዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ምሳዎን ግን ከጦጣ ይጠብቁ፡፡ ወደ ወንዙ ለመግባት እንኳ አያስቡ፤ አዞ አለበት፡፡ ጠዋት እየዘፈኑ የወረዱትን ቁልቁለት ከሰዓት በኋላ እያለከለኩ ይወጡታልና ከ9 ሰዓት በፊት ይነሡ፡፡

በሌላው ቀን ወደ ቆቃ ይሂዱ፡፡ ግድቡ ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፡፡ ጥበቃ ያለበት ስለሆነ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ፡፡ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ሐይቁን በደለል እየሞላው ነው፤ በግንጪ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ከማሳው ያጣውን አፈር እዚህ ቢፈልገው ያገኘዋል፡፡ ከዚያ የሚያልፈው ውሃ ባሕር ሳያይ፣ ከምንጩ ጀምሮ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል፡፡

ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት የአገሩን ሰው ይጠይቁ፡፡ መንፊያ፣ ማስቲሽና አንድ ትርፍ ካላማዳሪም ይያዙ፤ በአዳማ ጎሚስታ ሞልቷል፤ በአገዳው መካከል ግን የሚያገኙት አገዳ ብቻ ነው፡፡