ሰማያዊው ሙሽራ

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» ይሉኛል ሰዎች፣ የሠራሁትን የቴአትር ፖስተር እያዩ። ድሮ «ከጭንቅላቴ» እል ነበር። ውሸቴን ነው።

ቅርጹ የመጣው ከፓሪስ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን ዝነኛዋ ተዋናይት ሣራ በርናር «ጂስሞንዳ» ለተባለው ቴአትሯ ፖስተር በአስቸኳይ ፈለገች። የማተሚያ ቤቱ ሠዓሊዎች ለበዓል ወጥተዋል፤ እጅ ላይ የተገኘው አልፎንስ ሙካ የሚባል፣ ስሙ ገና ያልተጠራ የቼክ ሰው ነው። እሱም ቁመቷ ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ ቀጭን፣ ዘንባባ የያዘች ሴት ሣለና በጃንዋሪ 1፣ 1895 የፓሪስ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ሰው በሌሊት እየላጠ ይወስዳት ነበር ይባላል።

ባቡር ወደ እኔ ከተማ፣ ድሬዳዋ፣ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ ገጥሞልኝ ልፎክር ስል፣ የዘመን አቆጣጠራችን በስምንት ዓመት መለሰኝ። ለነገሩ ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች «ለገሃር» የሚለውን ቃል ትተውልን ሄዱ እንጂ ሙካን በሻንጣ አላመጡልንም። ወደ ሙካ የወሰደችኝ ምሰሶ ናት። የሠርግ ኮሜዲ ፖስተር ሥራ ስባል፣ ለመለጠፊያ የተሰጠኝ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሁለት ሱቆች በር መሃል ያለች አንዲት ቀጭን ምሰሶ ነበረች። ቀጭን ምሰሶ ቀጭን ሰው ትፈልጋለች።

ፊደላችን ለዚህ የተባረከ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም ርእሱን ከላይ ወደ ታች ደረደርኩት። ግን በድሬ ፊደል ብቻውን አይበቃም፤ አላፊው ኦሮምኛም ሶማሊኛም ተናጋሪ ነው፣ ያውም ባጃጅ ላይ ሆኖ። እኔም ንድፉን ለጥፌ ባጃጅ ተሳፈርኩና በፊቱ አለፍኩ። ያየሁት የሙሽራውን ቀይ ካባ ብቻ ነው። ስለዚህ ካባውን አሰፋሁ። መሪ ተዋናዩ ፊቱ እንዲሰፋ ፈልጎ ነበር፤ አኮረፈ። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ የስፖንሰሩ አርማ የሙሽራው ደረት ላይ ይሁን አለ። እግሩ ሥር ላይ ተስማማን።

የረሳሁት አንድ ሰው ነበር፤ ፀሐይዋ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ምሰሶዋን የምታይ እሷ ብቻ ናት። በማተሚያ ቤት ቀለም አራት ነው፦ ሰማያዊ፣ ሮዝማ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ቢጫውንና ቀዩን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካባው ከፊቱ ጋር አንድ ላይ ሰማያዊ ሆነ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀና ብሎ አየና፣

«አቦ! ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው እንዴ የሚያገባው?» አለ።

ቴአትሩን ሐዘን መስሏቸው የመጡ ነበሩ። ሳቁ ግን ከሌሎቹ በላይ።

አሁን ሙሽራ ስሥል ካባውን ከመነሻው ሰማያዊ አደርገዋለሁ። ፕሮዲዩሰሮች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ ፓሪስና ስለ ሙካ አወራላቸዋለሁ። የፀሐይዋን ነገር ብነግራቸው ዋጋ ይቀንሱብኛል።